ለአንባቢ የተተወው ገጽ

እውነት በስርቆት የተገኘ እንደ ሆነ ከተሰረቀ ከብት አይለይም፤ ቢያልቡትም ወተቱ አይባረክም። ከእውነትም ግማሹን ቆርጦ ግማሹን የሚያቀርብ ሰው ሙሉ ሐሰት ከሚናገረው ይከፋል፤ ሐሰተኛውን ሰሚው ይመረምረዋል፣ ባለ ግማሽ እውነቱን ግን ሁሉ ያምነዋልና። በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ዓለም ከተማ ላይ የደረሰው ነገር ይህን ያስረዳል።

በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ወለተኪዳን በደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠው የገዛ ኃጢአታቸውን በጥቁር የበግ ጠጉር ክር ይሰፉ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ አላወቁትም። በጉልበታቸው ላይ ሰባት ትናንሽ ጥራዞች ነበሩ፤ እያንዳንዱ በእጅ የተጻፈ ስምንት ገጽ ሲሆን ሽፋኑ ከዐረቡ ሱቅ በልመና የተገኘ ሰማያዊ የስኳር ወረቀት ነው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው በእጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ይበሱና ራሳቸው የፈተሉትን ክር በመርፌ ያሳልፉበታል፤ ቋጠሮውንም ምንጊዜም ወደ ውስጥ ያደርጉታል፣ በውጭ የታየ ቋጠሮ የሰነፍ ሥራ ነው ይላሉና። አጠገባቸው የቆመው የእህታቸው ልጅ አባይነህ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ በወረዳው ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ይሠራል። እናቱ ጥሩሸዋ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ይኸኛው ደግሞ ስለ ምን ይሆን የሚያወራው?» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

«ስለ እርሻ ነው እትዬ። ስለ ገብስ።»

«ስለ ገብስማ ሞኝ! እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ ወረቀት አይበቃህም ነበር» ብለው ሣቁ። አባይነህም አብሮ ሣቀ። ከሠራው በደል ሁሉ ኋላ በሕሊናው ሲመላለስ የኖረው ይህ ሣቅ ነው።

ጥራዙ የአንድ ማኅበር ሥራ ነበር። ከዓለም ከተማ እስከ ቀየትና እስከ ዘመሮ ተበትነው የሚኖሩ ሰባት ወጣቶች፣ የሚበዙት አስተማሪዎች፣ አባቶቻቸው ጽዋ እንደሚያዞሩ እነሱ ጥራዝ ለማዞር ተማምለው ነበር። የማኅበሩን አለቃ እንደ ጽዋ ማኅበር ሥርዓት «ሙሴ» ይሉታል፤ እሱም የዓለም ከተማው አስተማሪ አፈወርቅ ነው። በየወሩ አንዱ ባለ ተራ ይሆንና ያሰበውን ጽፎ፣ ሰባት አድርጎ፣ አስፍቶ በገበያተኛ እጅ ይልካል። ማተሚያ ቤት የለም፤ ቢኖርም ገንዘቡም ፈቃዱም የለም። ሕጋቸው ሦስት ነበር። የጸሐፊው ስም አይጻፍም፤ ለውጭ ሰውም አይነገርም። የተቀበለ ሁሉ ሁለት ቅጂ በእጁ ገልብጦ ከማኅበሩ ውጭ ላሉ ሁለት ሰዎች ይሰጣል። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ሆኖ ለአንባቢ ይተዋል፤ አንባቢም የተሰማውን ጽፎበት ይመልሳል። ሕጉ በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ስም የሌለበት ብዕር እፍረት እንደማይኖርበት፣ አንድ ጊዜ ከእጅ የወጣ ቃልም ባለቤቱ ቢጠራው እንደማይመለስ አላሰቡም።

አባይነህ የመጋቢት ባለ ተራ ነበር፤ የሚጽፈውም ጠፍቶት ሰንብቷል። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ቀን ጉንፋን ይዞት ከቢሮ ቀደም ብሎ ተመለሰና በጓዳው ተኛ። አክስቱ እሱ መኖሩን አላወቁም። ጥቂት ቆይቶ የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረየሱስ ገቡ፤ ወይዘሮዋም በጉልበታቸው ተንበርክከው ኃጢአታቸውን ይናገሩ ጀመር። በመኻል ያለው ግድግዳ ጭቃው የተሰነጠቀ የእንጨት ርብራብ ስለ ነበረ የሻማ ጭላንጭል እንኳ ያሳልፋል። አንዲት ሳል ቢያሰማ ኖሮ ሁለቱም ዝም ባሉ ነበር። ጉንፋኑ ጉሮሮውን እየበላው ሳሉን በትራሱ አፈነው።

የሰማው ይህ ነው። በጠላት ዘመን መጨረሻ፣ ተስቦ በገባ ጊዜ፣ ጥሩሸዋ ባሏን ቀብራ፣ በሽታውም እሷን ይዟት፣ ያን ጊዜ ቀየት ወደ ነበረው ወደ እህቷ ቤት መጣች። በአጥሩ በኩል የስምንት ወር ሕፃን ልጇን አቀበለቻቸውና «በሩን አትክፈቺ፤ እኔን ብታስገቢ ልጄን ትገድይዋለሽ» ብላ አስማለቻቸው። ሲመሽ ግን ውሃ ለመነች። ወይዘሮ ወለተኪዳን አልወጡም፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ዝተት በአጥሩ ላይ ወረወሩላት። ሲነጋ በዝተቱ ተጠቅልላ ሞታ ተገኘች። ለአገሬው «ልጁን ቀድማ ልካው ነበር፤ እሷ ራሷ መምጣቷን ግን አላወቅሁም» አሉ፤ ያ ዝተት ከየት እንደ መጣ የቀየት ሰው ሲጠይቅ ኖረ። «አትክፈቺ ያለችኝ እሷ ናት፤ ውሃ የለመነችኝም እሷው ናት» አሉ እያለቀሱ። «የፊተኛውን ቃሏን ጠበቅሁ፤ የኋለኛውን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።»

አባይነህ እናቱ በመንገድ ወድቃ እንደ ሞተች ሲነገረው ያደገ ሰው ነው። መቈጣቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ቍጣውን ይዞ ወደ አክስቱ ቢገባ ማንም ባልፈረደበት። እሱ ግን ወደ ወረቀቱ ሄደ። «አንዲት ሴት ለነፍስ አባቷ የተናገረችው» ብሎ ጀመረና በሩንም፣ ዝተቱንም፣ የውሃውንም ልመና ጻፈ። ሕፃኑን አልጻፈም፤ ሕፃኑ ቢጻፍ የጸሐፊው ማንነት ይታወቃልና። ሕፃኑ ሲወጣ «አትክፈቺ» የሚለው ቃል ቦታ አጣና እሱም ወጣ። ደግሞም ታሪኩ ያለዚያ ቃል ይበልጥ የሚያቆስል ሆኖ አገኘው፤ ሰባተኛው ገጽም ሞልቶ ነበር። ስምንተኛው ገጽ የአንባቢ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣው ካርቦን ከሦስት ቅጂ በላይ ደህና አድርጎ ስለማያወጣ ታሪኩን ሦስት ጊዜ መጻፍ ነበረበት። ሦስት ጊዜ ጻፈው፤ ሦስት ጊዜም ያችን ዓረፍተ ነገር ዘለላት።

ጥራዙ ቀየት በደረሰ ጊዜ የዚያ አገር አስተማሪ ፈለቀ ለቤተሰቡ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሽማግሌዎቹ የዝተቱን ነገር ሲሰሙ ሴትየዋ ማን እንደ ሆነች አንድ አፍታ አልፈጀባቸውም። ይህንንም ከነፍስ አባት በቀር የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይችልም ብለው አንዱን ጥራዝ ከመልእክት ጋር ለዓለም ከተማው ደብር አለቃ ለአለቃ ተክለጻድቅ ላኩ። የንስሐ ምሥጢር ያወጣ ካህን ክህነቱን ያጣል። መምሬ ገብረየሱስ ነገሩ እስኪጣራ ከመቅደስ ታገዱ። ወይዘሮ ወለተኪዳንም ኃጢአታቸው በገበያ ሲወራ ሰምተው በቤታቸው ተከተቱ፤ የነፍስ አባታቸውንም ሦስት ሳምንት ሙሉ አላዩዋቸውም፣ አልላኩባቸውም።

ግንቦት ፳፪ ቀን እሑድ ነበር። የደብሩ ካህናትና ሽማግሎች በስምንት ሰዓት በደጀ ሰላሙ ተሰብስበው በመምሬ ላይ እንዲፈርዱ ተቀጥሯል። ወይዘሮ ወለተኪዳን ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ ቀን ቅዳሴ ሄደው በሦስት ሰዓት ተመለሱ። ለአባይነህ የገብስ ቂጣና እርጎ አቀረቡለት። እሳቸው አልቀመሱም። ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ስላለው ብርሃኑ በማዕዱ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ፊታቸው አይታይም ነበር።

«አለቃ እጅ ያለውን ጥራዝ ዛሬ በቅርብ አየሁት» አሉ።

አባይነህ ቂጣውን ቆረሰ።

«ስፌቱ የኔ ነው።»

ከውጭ የጎረቤት ዶሮ ስትጮኽ ይሰማል። ወይዘሮዋ «እርጎ ልጨምርልህ?» አሉት። «ይበቃኛል እትዬ» አለ። ማዕዱን አነሡና ወደ ጓሮ ወጡ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢጮኹበት፣ ቢረግሙት፣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ዝምታቸው ግን ራሱ እንዲናገር እስከ ስምንት ሰዓት የተሰጠው ቀጠሮ መሆኑን ተረዳ፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ።

ወደ አፈወርቅ ቤት የሚወስደው መንገድ በመምሬ ደጃፍ ያልፋል። ሌላ መንገድ ቢኖር በሄደበት። መምሬ ገብረየሱስ ከአጥራቸው ጥግ ተቀምጠው የአካፋ እጀታ ይጠርቡ ነበር፤ ጥምጣማቸውን ስላወለቁ ነጭ ፀጉራቸው ተጋልጦ ከወትሮው ያነሱ መስለው ታዩት። ቀና ብለው «እንደምን አደርክ ልጄ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ?» አሉት። በዚያ ዓርብ ሲወጡ ጓዳ ውስጥ ሲያስነጥስ ሰምተውት ኖሯል። ሽማግሌው ማን እንደ ሰማ፣ ማንስ እንደ ጻፈ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠርጥረዋል ማለት ነው። ነገር ግን «እሱ ሰምቷል» ብለው ቢናገሩ «እንግዲያስ የምትሰማ ነገር ተናግራለች» ማለት ይሆናል፤ ምሥጢሩን ላለማውጣት ምሥጢር አወጣ በመባል ሊፈረድባቸው መርጠዋል። «ለቀቀኝ መምሬ» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ወደ ጠረባቸው ተመለሱ።

የአፈወርቅ ክፍል በወር አራት ብር የሚከራይ፣ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ሰባቱ አባላት ከተማማሉ ወዲህ አንድ ላይ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያ ነበር፤ የዓመቱን ጥራዞች ሁሉ በአንድ መድብል ለመስፋት ከየአገሩ መጥተዋል። ፈለቀ ከቀየት ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዟል። ከዘመሮ የመጣችው አስተማሪ እታገኝ ሰም፣ ወስፌና መርፌ ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«እነሆ የመጋቢቱ ጌታ!» አለ ፈለቀ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «እኛ ስለ አንበጣና ስለ ንጽሕና ስንጽፍ አንተ አገር አስለቀስክ።»

«አንተ ስለ ንጽሕና ጽፈህ ገላህን መቼ ታጠብክ?» አለች እታገኝ፤ ሁሉም ሣቁ።

አፈወርቅ ከየአገሩ የተመለሱትን የመጋቢት ጥራዞች ሰጠው። አባይነህ የአንዱን ስምንተኛ ገጽ ገለጠ። ባዶ የተወው ገጽ በልዩ ልዩ እጅ ጽሕፈት ሞልቶ ነበር። «ውሃ ብላ ውሃ አታግኝ» ይላል አንዱ። «ለእኅቷ ያልራራች ለማን ትራራለች? እንደ ውሻ በደጅ ትውደቅ» ይላል ሌላው። ከሥር በእርሳስ፣ ገና ፊደል በማይስተካከልለት ልጅ እጅ፣ «እኔ ብሆን እከፍትላት ነበር» የሚል ተጽፏል። ያ ልጅ ቢከፍት ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያነብ አባይነህ የሚባል ሰው አይኖርም ነበር፤ ይህን ግን ልጁ ሊያውቅ አይችልም፤ እንዳያውቅ ያደረገው እሱ ነውና።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች እታገኝ ክሩን በሰም እያሻሸች። «ቀየቶች እውነተኛ ታሪክ ነው ይላሉ። ቄሱ ናቸው የነገሩህ?»

ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ መልሱም አንዲት ቃል ነበረች። አባይነህ ዝም አለ። ስድስቱም ዝምታውን እንደ «አዎን» ቈጠሩት።

«ያሳዝናሉ» አለ ፈለቀ። «ግን ምን ይደረግ፣ አፋቸውን አልጠበቁም።»

«ማንም ቢጠይቀን የጸሐፊ ስም አንሰጥም» አለ አፈወርቅ። «መሐላችን ነው። አንተም አትፍራ።» ይህን ያለው ለወንድሙ በማሰብ ነበር። መሐላ ግን ንጹሕን ለማስፈረድ የዋለ እንደ ሆነ ጥላው ለሌባ ብቻ ነው። አባይነህ በዚያ ጥላ ሥር እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። አመሰገኑት፤ በሚመጣው ዓመት ሙሴ እንዲሆን ተማከሩ። እሱም ክር ያቀብላቸው ነበር።

በስምንት ሰዓት ደጀ ሰላሙ ሞላ። አለቃ ተክለጻድቅ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰማያዊውን ጥራዝ በጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። የቀየትን መልእክት አስነበቡና ወደ መምሬ ገብረየሱስ ዘወር አሉ።

«ይህን ነገር ለማን ተናገሩ?»

«ስለምንም ነገር ለማንም አልተናገርኩም።»

«ታዲያ ይህች በጥራዙ ያለችው ሴት ይህን ነግራዎት ታውቃለች?»

«እሱን አልመልስም።»

«ካልመለሱ እኛ ምን እናድርግ? ማን ይመስክርልዎ?» ሽማግሌው መሬት መሬት ያዩ ነበር። አለቃ ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ መምሬ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሱ። አባይነህ ከኋላ የዋንዛውን ዛፍ ግንድ ተጠግቶ ቆሟል፤ በየጥያቄው መካከል በልቡ «አሁን እናገራለሁ» ይላል፣ ጥያቄው ግን ያልፋል። አለቃ ሸንጎውን በዓይናቸው ጠይቀው ፍርዱን ሊሰጡ ሲነሡ ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ ወለተኪዳን ተነሡ።

«ሴትየዋ እኔ ነኝ» አሉ። «እህቴን በደጅ ያስቀረሁ እኔ ነኝ፤ ውሃ ስትለምነኝ ሰምቻለሁ። ለመምሬ ስናገር ቤቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ግድግዳው ስንጥቅ ነው። ጥራዙንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ንጹሕ ናቸው፤ ጥምጣማቸውን ይመልሱላቸው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ድንጋይ!» ያለች ሴትም ነበረች። አለቃ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና «እህትሽ በደጅ ሳለች ሌላ የተናገረችው ቃል የለም?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ ወደ ዋንዛው ተመለከቱ። የእናቱን ሞት በልጁ ራስ ላይ ማኖር አልፈለጉም። «የለም» አሉ።

ያን ጊዜ አባይነህ ሰው እየገፋ ወደ መኻል ገባ። «አለ!» አለ። «በሩን አትክፈቺ ያለቻት እናቴ ናት! እኔን ለማዳን ነው፤ አስምላታለች። ከግድግዳው ኋላ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

አለቃ ጥራዙን አነሡ። «ይህን የጻፍክ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አሁን ያልከው ቃል እዚህ ውስጥ አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

«ስትጽፈው የለም፤ ስትያዝ አለ። እሷ ራሷ የለም ትላለች። የቱን እንመን?»

«ዛሬ ደግሞ ሁለተኛውን ጥራዝ አወጣልን!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ብዙዎች ሣቁ። አባይነህ ወደ መምሬ ገብረየሱስ ዞረ። ቃሉ እውነት መሆኑን በዓለም ላይ ከአክስቱ ሌላ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሽማግሌው እንባ በዓይናቸው ሞልቶ አዩት፤ ከንፈራቸውም አልተከፈተም። የንስሐ ምሥጢር የሚጐዳውንም የሚጠቅመውንም ቃል እኩል ይዘጋል።

ፍርዱ በዚያው ቀን ተሰጠ። መምሬ ገብረየሱስ ወደ አገልግሎታቸው ተመለሱ። በወይዘሮ ወለተኪዳን ላይ ነፍስ አባታቸው ከሰጧቸው ንስሐ ሌላ አልተጨመረም፤ ጎረቤቶቻቸው ግን ለጠጉር ፈተላ ወደ ቤታቸው መምጣት ተዉ። አባይነህ አንድ ዓመት ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ እንዲጸልይ፣ ያሠራጨውንም ጥራዝ በእግሩ እየዞረ ሰብስቦ እንዲያመጣ ተፈረደበት። በየእጁ ተገልብጦ አርባ አንድ ደርሶ ነበር፤ እስከ ሐምሌ ተጉዞ አሥራ ዘጠኙን ብቻ አገኘ። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ካርቦንና ወረቀት ለግል ጉዳይ ማዋሉን አረጋግጦ አሰናበተው። ማኅበሩም በዝምታው ንጹሕ ሰው ሊያስፈርድ ስለ ነበር ስሙን ሰርዞ ገጾቹን ከመድብሉ አወጣ። ወይዘሮ ወለተኪዳን ለምን እንደ ጻፈው አንድም ቀን አልጠየቁትም፤ በነሐሴ መጀመሪያ ሌላ ቤት እንዲፈልግ ነገሩት። ፈልጎም ወጣ።